የልጅ እከክ እንዳይመላለስ

እከክ የገባበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አጥቶ አይደለም የሚቸገረው። ቅባቱ ይገዛል፣ ልጁ ይቀባል፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ጋብ ይልለታል፤ ከዚያ ማሳከኩ እንደገና ይመጣል። ወላጆች «ይሄ መድኃኒት አይረባም» ብለው ሌላ ይገዛሉ፤ እሱም ያው ይሆናል።

መድኃኒቱ ግን ሥራውን ሠርቷል። ያልታከመው የቀረው ቤተሰብ ነው፦ ልጁን አቅፋ የምታስተኛው እናት፣ አንድ ብርድ ልብስ የሚጋራው ወንድሙ፣ ቀን ቀን የምታዝለው ሞግዚት። ዛሬ የዳነ ልጅ ነገ እነሱ እቅፍ ውስጥ መልሶ ይያዛል።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ስለ ተባይዋ ጥቂት ነገር ይወቁ፤ የሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። የእከክ ተባይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሴቷ የላይኛውን ቆዳ ሰርስራ ትገባና በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለችውም በሁለት ሳምንት ግድም አድጋ በተራዋ መጣል ትጀምራለች። የሚያሳክከው ተባይዋ ስለምትነክስ ሳይሆን ሰውነት ለእሷ፣ ለእንቁላሏና ለኩሷ በሚያሳየው አለርጂ ነው። አትዘልም፣ አትበርም፤ ከሰው ወደ ሰው የምትሻገረው ቆዳ ለቆዳ ተነካክቶ ሲቆይ ነው። ከሰው ገላ ከተለየች ደግሞ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ትሞታለች።

1. እከክ መሆኑን ይለዩ

ልጅዎን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ልብሱን አውልቀው ይመልከቱት። የማታ አምፖል አያሳይም። በመጀመሪያ የሚያዩት የጣቶቹን መሀል ነው፤ ከዚያ የእጅ አንጓን፣ ብብትን፣ እምብርት ዙሪያን፣ ወገብን፣ መቀመጫንና ብልትን። ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ፣ አንዳንዴም እንደ ክር የቀጠነ ጠመዝማዛ መስመር ያያሉ። በወንድ ልጅ ብልት ላይ የሚወጣ ጠጣር፣ የሚያሳክክ እብጠት እከክን በብርቱ ያስጠረጥራል። በትልቅ ሰው ላይ ፊትና ራስ ብዙውን ጊዜ ነፃ ናቸው። ሁለት ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ግን መዳፉ፣ ውስጥ እግሩ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ራሱና ፊቱም ሳይቀሩ ሊያዙ ስለሚችሉ እነሱንም ይመልከቱ።

ማከክ የማይችል ጨቅላ ምልክቱ ሌላ ነው። ይነጫነጫል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ጡት ይዞ ይተዋል።

ሁለቱ ጥሩ ፍንጮች ግን ሽፍታው ላይ አይደሉም። አንደኛው ማሳከኩ ማታ፣ ሰውነት ሲሞቅ መባሱ ነው። ሁለተኛው «ሌላስ ማን ያሳክከዋል?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኙት መልስ ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚያክ ከሆነ ነገሩ ሙቀትም ምግብም አይደለም። ጭርት ክብ ሆኖ ዳሩ የሚቀረፍ ነው። ትኋንና ቁንጫ የነከሱት ብዙውን ጊዜ በልብስ ያልተሸፈነ ቦታ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ችፌ በክርንና በጉልበት እጥፋት ይከርማል፣ ወደ ሌላ ሰውም አይጋባም። አሁንም ከተጠራጠሩ ጤና ጣቢያ ያሳዩ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ከመድኃኒት ቤት እንደ ቤታሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ቅባት ገዝቶ መጀመር ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርድ የዳነ ያስመስላል፤ ተባይዋ ግን ከሥር መራባቷን አታቆምም። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም መልኩ ተለውጦ ለመለየት ያስቸግራል።

2. ቤት ውስጥ የማይታከመውን ይለዩ

ልጅዎ ሁለት ወር ካልሞላው በራስዎ ምንም አይቀቡት፤ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። ሽፍታው መግል ከቋጠረ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ካበጀ፣ ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፣ ወይም ልጁ ካተኮሰው፣ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ይህ በሕፃናት እከክ ላይ በጣም የተለመደ ነው። የሚያስፈልገውም ሐኪም በልጁ ክብደት የሚያዝዘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ብዙውን ጊዜ እሱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀመርና ቁስሉ ረገብ ሲል የእከኩ ቅባት ይከተላል። በተላጠ ቆዳ ላይ ቅባቱን ማድረግ ልጁን ክፉኛ ያቃጥለዋል፤ አንዴ የተቃጠለ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አያስቀባዎትም።

ጠዋት ፊቱ አብጦ ከተነሣ ወይም ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ለነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። በእከክ ቁስል ላይ የሚገቡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኩላሊትን ሊያስቆጡ ይችላሉ። በከባድ ሕመም ወይም በምግብ እጥረት የተዳከመ ልጅ፣ ቆዳው ወፍራም ቅርፊት ያበጀ ልጅም የቤት ሕክምና አይበቃውም። ቅርፊት የሚያበጀው ዓይነት እከክ እጅግ ብዙ ተባይ ስለሚይዝ በአያያዙም በተላላፊነቱም ከተራው ይለያል።

3. የሚታከሙትን ሰዎች ይቁጠሩ

ወረቀት ያውጡና ስም ይጻፉ። ባለፈው አንድ ወር ተኩል ቤትዎ ያደረ ሁሉ፣ ልጁን የሚያዝል፣ የሚያጥብ፣ አጠገቡ የሚተኛ ሁሉ ይግባ። አባት ይግባ። ከገጠር መጥተው ሁለት ሳምንት የሰነበቱት አያትም ይግቡ፤ ከተመለሱም ስልክ ይደወልላቸው። ከሰዓት በኋላ ልጁን የምትይዝልዎ ጎረቤትና ልጆቿም ሊታሰቡ ይገባል።

«እኔን አያሳክከኝም፣ ለምን እቀባለሁ?» የሚል አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። መልሱ ይህ ነው፦ እከክ ይዞት የማያውቅ ሰው ተባይዋ ከገባችበት በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ግን ለሌላው ያስተላልፋል። አንዴ ይዞት የሚያውቅ ሰው ሰውነቱ ስለሚያስታውሳት ዳግም ሲያዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ያሳክከዋል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የማያክ ሰው ከሚያከው ይልቅ ያሠጋል፤ የሚያከውን ማንም ያየዋል።

ይኸው የዝምታ ጊዜ ሌላም ነገር ያስረዳል። እከክ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አመጣው?» ይሆንና ጣት የሚቀሰረው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ቀድሞ ያከከ ቀድሞ የተያዘ ላይሆን ስለሚችል ማን እንዳመጣው ማወቅ አይቻልም። ልጁ ከኬጂ ይዞት መጥቶ እሷን አስይዟት ሊሆን ይችላል። ቢያሰናብቷትም ልጁ አይድንም። መድኃኒቷን ይግዙላትና ሁሉም በሚቀባበት ምሽት አብራ ትቀባ።

እፍረቱም ብዙ ያስከፍላል። እከክ የቆሻሻ በሽታ ነው የሚለው አባባል ቤተሰብን ዝም ያሰኛል፤ ዝምታው ደግሞ በሽታውን ያዞራል። በየቀኑ የሚታጠብ ልጅም ይያዛል፤ ተባይዋ የምትኖረው ቆዳ ውስጥ ስለሆነ ሳሙናና ውሃ ብቻቸውን አያወጧትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ለልጁ መምህርት ይንገሯት። እሷም የሌሎቹን ወላጆች ትጠይቅ። ካልሆነ ልጅዎ ታክሞ የሚመለሰው ወደዚያው ወንበር፣ አጠገቡ ወደሚቀመጠው ጓደኛው ነው።

ውሻና ድመቱን ይተዉዋቸው። የሰው እከክ በእነሱ ላይ አይራባም።

4. መድኃኒቱን ለሁሉም አስልተው ይግዙ

በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት የሚቀቡ መድኃኒቶች ሦስት ናቸው።

ፐርሜትሪን 5 ከመቶ ክሬም ለመጠቀም የሚቀለው ነው። ከሁለት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይቻላል። ማሸጊያው ላይ 5 ከመቶ መባሉን ያረጋግጡ፤ 1 ከመቶው ለራስ ቅማል የሚሆን ነው፣ ለእከክ አይበቃም። ለአንድ ትልቅ ሰው አንድ ባለ 30 ግራም ቱቦ ያስፈልጋል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ሩብ ቱቦ፣ ከዚያ በላይ እስከ 12 ዓመት ላለው ግማሽ ያህል ይበቃዋል። አባትና እናት፣ የ3 ዓመትና የ8 ዓመት ልጅ ያሉበት ቤት ለአንድ ምሽት ሦስት ቱቦ ይፈልጋል። ቅባቱ የሚደገም ስለሆነ ስድስት ማለት ነው። ዋጋው ከከበደ ለልጁ ብቻ ከመግዛት ለሁሉም የሚበቃ ርካሽ መድኃኒት እንዲያዝልዎ ሐኪሙን ይጠይቁ። ይህ ከምለው ሁሉ ትልቁ ነው፤ ለአንድ ሰው የተገዛ ውድ ቅባት የባከነ ገንዘብ ነው።

ርካሹ ሰልፈር ቅባት ነው። ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ሦስት ምሽት በተከታታይ መቀባት አለበት። ሆኖም ለጨቅላዎችና ለነፍሰ ጡሮች ጭምር የሚታዘዝ ነው። የሕፃናቱ ከትልቅ ሰው የሳሳ መሆን ስላለበት መጠኑን ባለሙያው ይወስን።

ሦስተኛው ቤንዚል ቤንዞኤት፣ በተለምዶ ቢቢኤል የሚባለው ፈሳሽ ነው። 25 ከመቶ ሆኖ ከመጣ እንዳለ ለልጅ አይቀባም፣ ያቃጥላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንድ እጅ መድኃኒት በአንድ እጅ ንጹሕ ውሃ፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉ አንድ እጅ መድኃኒት በሦስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል። መለኪያዎ ስሪንጅ ወይም የሽሮፕ ክዳን ይሁን፤ በዓይን አይገምቱ። ቆዳ ላይ የሚቆይበት ሰዓትም በዕድሜ ስለሚለያይ ፋርማሲስቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍልዎ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ካለች ሲገዙ ይናገሩ።

አይቨርሜክቲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትም አለ። ክብደቱ 15 ኪሎ ላልሞላ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለከብት የሚሸጠውን አምጥቶ ለልጅ መስጠት ደግሞ በፍጹም የማይሞከር ነው።

ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ ማላታይን፣ የትኋን መርጫ ልጅ ገላ ላይ የሚያደርጉ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ መርዙን ወደ ውስጥ ያስገባል። ተራ እከክ በራሱ አይገድልም፣ እነዚህ ግን ሊገድሉ ይችላሉ።

5. ቀን ይቁረጡና ልብሱን አስቀድመው ያዘጋጁ

ሁሉም ሰው ቤት የሚያድርበት፣ በማግስቱ ልብስ ማጠብ የሚቻልበት ምሽት ይምረጡ። ለብዙ ቤተሰብ ቅዳሜ ይመቻል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሠፈር ከሆነ ቀኑን የሚወስነው ፈረቃው ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ንጹሕ ቅያሪ ያስቀምጡ፤ አንዱን ከተቀባ በኋላ፣ ሌላውን ጠዋት ይለብሳል። ንጹሕ አንሶላም እንዲሁ። ባለፉት ሦስት ቀናት የተለበሰና የተነጠፈው ሁሉ፣ የትራስ ልብሱ፣ ፎጣው፣ ነጠላው፣ ልጁ የታዘለበት አንቀልባ ወይም ጋቢ ይሰብሰብ። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ማንም ያልነካውን ግን አይድከሙበት፤ በላዩ ላይ ተባይ ኖራም ከሆነ ሞታለች። ቁም ሣጥኑን ሙሉ ገልብጦ ማጠብ ትርፉ ድካም ነው።

የሚታጠበው በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ። ሳፋ ውስጥ የፈላውን ሲያፈሱ ልጆች አጠገብ እንዳይኖሩ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ በካውያ ከተተኮሰ ደግሞ የተሻለ ነው።

የማይታጠበው ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ አሻንጉሊት፣ ወይም ውሃ ያልደረሰለት ልብስ ትልቅ ፌስታል ወይም ላስቲክ ውስጥ ገብቶ አፉ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰር። ሦስት ቀን በቂ ነው፤ እርግጠኛ ለመሆን ሳምንት ያቆዩት። ፌስታሉን ልጆች እንዳይደርሱበት ከፍ ያድርጉት። ፍራሹን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ማታ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍበት።

6. ምሽቱ

የልጁን ጥፍር በአጭሩ ይቁረጡ። ተባይዋና እንቁላሏ ከጥፍር ሥር ይደበቃሉ፤ ረጅም ጥፍር ደግሞ ቆዳ ቧጭሮ ያቆስላል።

ገላውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ከዚያ ቆዳው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በሞቀና በረጠበ ቆዳ ላይ መቀባት መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። በብሩሽ ወይም በሻካራ ነገር መፈተግም አያስፈልግም፤ ቆዳ ከመላጥ በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ይቅቡ። የሚያክበትን ቦታ ብቻ አይደለም፣ ገላውን በሙሉ ነው። ለትልቅ ሰው ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ይቀባል። ለሕፃንና ለትንሽ ልጅ ራሱ፣ ግንባሩ፣ ፊቱ፣ ከጆሮው ኋላና አንገቱ ይጨመራል፤ ዓይኑና አፉ ዙሪያ ግን አይነካም። ከላይ ወደ ታች በሥርዓት ይሂዱ፦ ብብት፣ የእጅ ጣቶች መሀል፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ የብሽሽት እጥፋት፣ ብልት፣ የመቀመጫ መሀል፣ የእግር ጣቶች መሀል፣ ውስጥ እግር። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ጀርባ፣ እምብርትና ውስጥ እግር ነው። አንዲት ያልተቀባች የመዳፍ ስፋት ሙሉውን ሥራ ልታበላሸው ትችላለች። ቀጭን ሆኖ እስኪጠፋ ይታሽ፤ ነጭ ሆኖ መቆየት የለበትም።

እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ከተቀባ በኋላ እጁ ላይ ንጹሕ ካልሲ ይልበስ። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር የተጠረገው ቦታ እንደገና ይቀባ። እናትም ብትሆን ልጅ አጥባ ወይም ሊጥ አቡክታ እጇን ከታጠበች መልሳ ትቀባ። የምታጠባ እናት ጡቷን ከማጥባቷ በፊት በውሃ ጠርጋ፣ ካጠባች በኋላ መልሳ ትቀባ።

ጀርባን መቀባባቱ እከክልኝ ልከክልህ እንዲሉ ነው፤ ከልጁ በኋላ ወላጆችም አንዳቸው ለሌላው ይቀቡ፣ ብቻውን የሚችል የለም። ፐርሜትሪን ከሆነ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆዳ ላይ ይቆይ። በአገራችን አቆጣጠር ማታ ሁለት ሰዓት የተቀባ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠዋት በአሥራ ሁለት ወይም በአንድ ሰዓት ይታጠባል።

7. ጠዋት

ሁሉም ይታጠብ፣ ንጹሑን ልብስ ይልበስ። ያደሩበት አንሶላና የሌሊት ልብስ ከትናንቱ ጋር ይታጠብ። ቆዳው የደረቀ ልጅ ቫዝሊን ይቀባ። በማግስቱ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል፤ ከታከመበት ቀን ማግስት ጀምሮ ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።

8. በሳምንቱ ይድገሙ

ይህን ነው ብዙ ቤት የሚዘለው። ልጁ ተሽሎታል፣ ቅባቱ ተርፏል፣ ሳምንቱ ሩጫ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ምሽት ከመድኃኒቱ ያመለጠ እንቁላል ካለ እስካሁን ተፈልፍሏል፤ አድጎ እንደገና እንቁላል ሳይጥል መያዝ ያለበት አሁን ነው። ስለዚህ ፐርሜትሪን በ7ኛው ቀን፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ለሁሉም ሰው ይደገማል፤ አንሶላና ልብሱም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሲቀቡ የሁለተኛውን ቀን ስልክዎ ላይ ይሙሉት። ለሰልፈርና ለቢቢኤል መደጋገሚያው የተለየ ስለሆነ ባለሙያው የጻፈልዎን ይከተሉ።

9. ማሳከኩ ባይቆም

በማግስቱ ማሳከኩ ይቆማል ብለው አይጠብቁ። ተባይዋ ሞታ እንኳ ቅሪቷ ቆዳ ውስጥ ስላለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊያሳክክ ይችላል፤ እየቀነሰ መሄድ ግን አለበት። ይህን የማያውቅ ወላጅ ቅባቱን በየቀኑ ይደጋግማል። ያኔ ቆዳው ከመድኃኒቱ የተነሣ ይቆጣና ማሳከኩ ይብሳል፤ እሱም በተራው «አልዳነም» ያሰኛል። ከታዘዘው በላይ አይቀቡ። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ካላሚን ሎሽን፣ ቫዝሊን ያስታግሳሉ። እንቅልፍ ከነሳው ባለሙያ የማሳከክ ማስታገሻ ሽሮፕ ሊያዝለት ይችላል፤ ለትንንሽ ልጆች ግን ያለ ትእዛዝ አይሰጥም።

በብብትና በብልት አካባቢ የቀሩ ጠጣር እብጠቶች ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ እነሱ ብቻ ከሆኑ አያስደንግጥዎ። አዲስ ሽፍታ ወይም አዲስ መስመር ከወጣ፣ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላም ማሳከኩ ካልቀነሰ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሱ። ሲሄዱ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የተቀባበትን ሁለት ቀንና ያን የስም ዝርዝር ይያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ሳይቀባ እንደቀረ ነው።